ለንግሥ የተሞረደ ብር

ባለፈው ሳምንት የውኃ ፓምፓችን አስቸገረን። ጉለሌ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ንዴቱን ያውቀዋል፤ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ፓምፑ እምቢ ይላል። ድሮ ቢሆን እኔው ፈትቼ እሠራው ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሞተርና ማብሪያ ስጠግን ነው። አሁን ግን ዓይኔም እጄም አልታዘዝ ስላሉኝ ከጳውሎስ በኩል አንድ ኤሌክትሪሺያን አስጠራሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ፣ ሻይም አልፈልግም አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ከፈተ፣ ፓምፑን የሚያበራ የሚያጠፋውን ኮንታክተር አወጣና ውስጡን አየት አድርጎ ከንፈሩን መጠጠ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ጥቁር ብሏል። ትንሽ ፈግፈግ ላድርገውና ይነሳል» አለኝ። ከኪሱ ብርጭቆ ወረቀት ሲያወጣ አየሁት።

«እጅህን አንሳ» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ደንግጦ ካቻቢቴውን ጣለው። እኔ ደግሞ ስጮህ ለስለስ አድርጌ መጮህ አልችልበትም።

ወንድሜ ግርማ በረንዳው ላይ ወንበሩን አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ግራ ዓይኑ የለም። ጩኸቴን ሲሰማ ፊቱን ቀስ አድርጎ ወደ አጥሩ አዞረ። እኔም አፈርኩ። ለአንድ ብጣሽ ብርጭቆ ወረቀት ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ ለእንግዳው ሰው መንገር አልቻልኩም፤ እዚህ ግን ልንገር።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባታችን ቀጨኔ ላይ፣ ዛሬም በምንኖርበት በዚሁ ግቢ በር ላይ፣ ወፍጮ ቤት ነበረው። አባባ ትልቅ ሰው ነበር፤ በር ላይ ሲቆም ብርሃን ይከለክላል። ቁጣው ከቁመቱ ይብሳል። ከአፉ እጁ ይቀድማል። እኔንም ግርማንም ይመታን ነበር፤ እናታችን በሕይወት ሳለች እሷንም መትቷታል። ሲመታን ይውልና ማምሻውን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ግንባሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ ብዙ ጊዜ አስቤበት ያልገባኝም ይኸው ነው። ግልፍተኝነቱን ከሁላችን እኔ ነኝ የወረስኩት።

ግርማ ታላቄ ነው። እሱ የወረሰው ፍርሃቱን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አባባ ና ሲለው የሚመጣ፣ ቁጭ በል ሲለው የሚቀመጥ ነበር እንጂ። ወፍጮውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ለብሶ ይውልና ማታ ሲታጠብ ፊቱ አዲስ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ወፍጮውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኮንታክተር ቷ ብሎ ይዘጋል፤ ቀዩን ሲጫኑት ይከፈታል። ውስጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ እኛ ጥርስ ነበር የምንላቸው። ሲነካከሱ መብራቱ ያልፋል፣ ሲለያዩ ይቆማል። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው መዳብ ስለሆነ ጥርሱም መዳብ ቢሆን የሚሻል ይመስለዋል። መዳብ ጎበዝ ተሸካሚ ነው፤ መሬት ለመሬት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞ ይሄዳል፣ ማን ይስተካከለዋል። በር ላይ ቁመህ ክፈት ዝጋ ሲሉት ግን አይሆንለትም። ዝገቱ መብራት አያሳልፍም፤ ስለዚህ ይግላል፣ ሲግል ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ከባልንጀራው ጋር ይጣበቃል። ብር እንዲህ አይደለም። ይጠቁራል፤ ግን ጠቁሮም መብራቱን ያሳልፈዋል። ጥቁረቱ ለዓይን እንጂ ለሥራው ምኑም አይደለም።

ታዲያ የኮንታክተራችን ጥርሶች አለቁ፤ መለዋወጫ ደግሞ ከተማ ውስጥ ተፈልጎ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። አባባ የመዳብ ጥርስ ይቀጥቀጥና ይግባ አለ። ብር ለአንገት ነው፣ ለሳጥን ማን ብር ይሰጣል ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እንደ እሱ ነኝና አልለቀቅኩትም፤ ወፍጮው ቆሞ ሁለት ገበያ ሲያመልጠው በመጨረሻ የእናቱን ጠገራ ብር ከሳጥን አውጥቶ ወረወረልኝ። እኔም ይዤው ቁልቁል ወደ ጋሽ አድማሱ ሄድኩ።

ጋሽ አድማሱ ከእኛ በታች ባለው ጠባብ መንገድ ላይ የሚሠራ አንጥረኛ ነበር። የሰፈሩ የክርስትና መስቀል ሁሉ የሚሠራው እሱ ዘንድ ነው። ያው ሰፈር ግን እሱ ሲያልፍ የሕፃን ፊት ይሸፍናል፤ ዓይኑ ይበላል ይሉታል። መስቀሉን አንገታቸው ላይ አስረው የሠራውን እጅ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጋሽ አድማሱ ጠገራውን ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ እኔ በለካሁለት ልክ ጥርሱን የሚይዘው የመዳብ ምላስ ላይ በየደው። ሲጨርስ ይጠቁራል አትንኩት አለኝ። እኔም ትምህርት ቤት የተማርኩት ይኸንኑ ነበርና ለቤት ሰው ሁሉ ነገርኩ። ሞተሩም ከዚያ ወዲያ እንደ ሰዓት ሠራ።

ጣጣው የመጣው ከንግሡ ነው። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በዓል ሲደርስ እኛ ቤት ያለ ብረታ ብረት ሁሉ ይወለወላል። የአንገት መስቀል፣ ቀለበት፣ የሚዛኑ ሳህን፣ የሻይ ማንኪያ ሳይቀር በአመድና በሎሚ ይታሻል። አባባ ራሱ ቆሞ ያሳሻል። ለንግሥ ጥቁር ብር ቤቴ ውስጥ አይገኝም ይላል። አንድ ቀን ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ የኮንታክተሩን ጥርሶች ጠቁረው አየ። የእናቱ ብር ነው። ከዚያ በኋላ ለየንግሡ ግርማ ሞረድ እየያዘ ሳጥኑን ይከፍት ነበር። እኔ አንዴ አይቼ ተጣላሁት፤ ሁለተኛ አልነካውም ብሎ ማለልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ በሌለሁበት ሆነ የሚሞርደው።

የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዋዜማ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የመንገዱ ጭቃ እንደ ድንጋይ ደርቆ እግር ይጠልፋል። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። ለድግስ የሚያስፈጨው ሰው ወረፋ ከበር ወጥቶ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። የዚያን ቀን ፈረቃው የበርበሬ ነበርና ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው እያነጠሱ ይስቃሉ።

የወፍጮው ሠራተኛ ማሞ ይባላል። የሸጎሌ ሰው ነው፤ የልጆች አባት፣ ጨዋታ አዋቂ። በርበሬ ሲከብድ ቺንጋው፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቀበቶ፣ መንሸራተት ያበዛል። ማሞ እንደ ወትሮው እየዞረ ያለውን ቺንጋ ሙጫ ሊቀባ ጎንበስ አለ፤ ቺንጋው እጅጌውን ያዘው።

እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ የሰው ድምፅ አልመሰለኝም። ስገባ ግርማ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፣ ሞተሩ አይቆምም። በቡጢ መታው፤ አይቆምም። ጥርሶቹ ተጣብቀዋል። እኔ ወጥቼ ሮጬ ውጭ ግድግዳ ላይ ያለውን ዋናውን ማብሪያ እጀታ ይዤ ቁልቁል ሳብኩት። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ግን የማሞ ክንድ መዘውሩን ዞሮታል። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ደሙና በርበሬው መሬቱ ላይ ተቀላቅለው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። አንድ የወረፋ ሰው ታክሲ አቁሞ ማሞን ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ። እጁን ከክርኑ በላይ ቆረጡት፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሰው ሲበታተን ሳጥኑን ከፈትኩት። ጥርሶቹን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ነው ያላቀቅኳቸው። ብሩ የለም። ከሥሩ ያለው መዳብ ቀይ ሆኖ ወጥቷል፤ ላዩ ላይ ትኩስ የሞረድ ጭረት አለ፣ የሳጥኑ ወለል ላይም የብር ብናኝ ያብረቀርቃል። ግርማ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አስካለ፣ አባባ ነው ያዘዘኝ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው፣ ትንሽ ነው የነካሁት።»

አባባ ገብቶ እጄ ላይ ያለውን አየ። የእናቱ ብር መጥፋቱን አየ፣ ጭረቱን አየ፣ ግርማን አየ። ሁሉም ነገር እንደገባው ከፊቱ አነበብኩ። ዝጊው አለኝ። አልዘጋም ስለው በጥፊ መታኝና ጆሮዬ ጮኸ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የማሞ ወንድሞች መጡ። ሸጎሌ ከብት ተራ ላይ የሚነግዱ፣ ዱላ ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ናቸው። የወንድማቸውን እጅ ሆስፒታል አይተው ነው የመጡት። ታላቅየው ወፍጮው ለምን አልቆመም ብሎ ጠየቀ። አባባ ወደ ታች፣ ወደ ጋሽ አድማሱ መንገድ ጣቱን ዘረጋ።

«ያንን ብረት የሠራው እሱ ነው» አላቸው። «የእሱ እጅ የነካው ነው።»

ወረፋ ላይ ከቀሩት ሴቶች አንዷ ያቺን ቃል አለቻት፤ ቡዳ። ሌላዋ ተቀበለቻት። ወንድማማቾቹ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ዱላቸውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። አባባ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያን ሰዓት ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁት ደግሞ አባቴን ነው።

ሽርጤን ዘርግቼ ከወፍጮው አፍ ሥር የተፈጨውን በርበሬ እየዛቅሁ ሞላሁት። አባባ ሊይዘኝ ሲል አመለጥኩት። ጥርሶቹን በአንድ እጄ ጨብጬ በዚያ ደረቅ ጭቃ ላይ እየተደናቀፍኩ ወረድኩ።

ስደርስ ጋሽ አድማሱን ከቤቱ ጎትተው አውጥተውታል። ወናፉን ረግጠው ቀደውታል፤ ለንግሡ የደረሱ ትንንሽ መስቀሎች አመድ ውስጥ ተበትነዋል። አንዱ በዱላ ጆሮ ግንዱን ብሎታልና ደሙ በአንገቱ ይወርዳል። ሁለቱ እጁን ይዘው ራሱ ብር በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ዘርግተውታል። ታላቅየው የገዛ መዶሻውን አንስቶበታል። እጅ በእጅ፣ ይላል። ሰው ከቧል፤ አንድ የሚገላግል የለም። ጋሽ አድማሱ አይለምንም፣ አይጮህም፤ እጁን ብቻ ያያል።

በርበሬውን ፊታቸው ላይ በተንኩት። መዶሻው ወደቀ። ወንዶቹ ዓይናቸውን ይዘው እንደ ተወጋ በሬ ተሽከረከሩ፤ አንዱ በጭፍኑ በሰነዘረው ዱላ እኔን ትከሻዬን አገኘኝ። ቆሜ ጮህኩ፤ ምን ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውስም። ብሩ ጥሩ ብር ነበር አልኳቸው። ስለ ጠቆረ ነው የተሞረደው፣ ተሞርዶ አለቀ፣ ከሥሩ ያለው መዳብ ነው የተጣበቀው አልኳቸው። ጥርሶቹን ታላቅየው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ማን ነው የሞረደው?» አለኝ።

ይቺን ሰዓት ስንት ጊዜ እንደመለስኳት። አላውቅም ልል እችል ነበር። እኔ ነኝ ልል እችል ነበር፤ ሴት ናት ብለው ይተዉኝ ይሆናል፣ አይተዉኝም ይሆናል። ጋሽ አድማሱ እግሬ ሥር በእጁ ጆሮውን ይዞ ተቀምጧል፤ መዶሻው አጠገቡ ወድቋል። አላውቅም ብል መልሰው እንደሚያነሱት አውቃለሁ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «ግርማ። አባቴ አዞት።»

ሽቅብ ሮጡ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው። ግርማ አልሸሸም፤ ወይ አልታሰበውም፣ ወይ እግሩ ከድቶታል። ሲያያቸው ዞሮ ወደ ቤታችን በር ሄደ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አባባ ገብቶ ቀርቅሮታል። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ዱላ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ከበሩ ኋላ ነው። ግርማ በሁለት እጁ በሩን እየደበደበ፣ «አባባ ክፈት፣ አባባ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ዱላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ እንኳ ይኼንኑ ነበር የሚለው። በሩ አልተከፈተም።

በላዩ ላይ ወደቅሁበት፤ አንስተው ጣሉኝ፤ ተመልሼ ወደቅሁበት። ሁለት ጣቶቼ ያን ቀን ተሰብረው ጠማማ ሆነው ቀርተዋል። የዱላ ድምፅ ልብስ ላይ ሲያርፍና አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደሚለያይ ያን ቀን አወቅሁ። ዓይኑን ያገኘው የትኛው ዱላ እንደሆነ አላየሁም። ያስቆማቸው ከቤተ ክርስቲያን ለዋዜማው ሲሄዱ ጩኸት የሰሙ አንድ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በመካከል ገብተው ገዘቱ። ወንድማማቾቹ ዱላቸውን ጥለው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ የማሞን ስም እየጠሩ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ዕርቅም ወረደ። ማሞ ድኖ ከቤቱ ሲወጣ ወፍጮውን አባባ ለእሱ ለቀቀ፤ ማሞም ማሽኑን ሸጎሌ ወስዶ በአንድ እጁ ሲያስተዳድር ኖረ። ከዚያ በፊት ግን ሦስቱም ቁስለኞች ጳውሎስ ተኝተው ነበር፤ የግርማና የጋሽ አድማሱ አልጋ ጎን ለጎን ገጠመ። እኔ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ እመላለሳለሁ። ግርማ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ለጋሽ አድማሱ ልቀዳ ስል እጄን ያዘኝ። አንደኛው ጆሮው ከዚያ ወዲያ አልሰማም፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው።

«መጀመሪያ ለእሱ» አለኝ። «እኔ እጄ አለኝ።»

ግርማ ሰምቷል። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ግርማ ግን አልዞረም፤ አጥሚቱን ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠጣ።

አባባ እስኪሞት ድረስ ወንድምሽን አስበላሽው ይለኝ ነበር። ለእንግዳ ሳይቀር ይናገራል። ስለ ተቀረቀረው በር ግን አንድም ቀን አላነሳም፤ እኔም ፊቱ ላይ አላነሳሁበትም። ለምን እንዳላነሳሁ አላውቅም። በመጨረሻው ዘመኑ ዳይፐር የሚቀይርለት፣ በማንኪያ የሚያጎርሰው ግርማ ነበር። ግርማ አገባ፣ ወለደ፣ ዳረ፣ ሚስቱን ቀበረ። ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ በላን፣ ሐዘንም ደስታም አብረን ዋልን። ስለዚያች ቀን ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም ነበር። ስጠረጥር የኖርኩት አላለኝም ብዬ ነው።

እንግዲህ ወደ ፓምፓችን ልመለስ። ኤሌክትሪሺያኑ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ ተገትሯል፤ አንዴ እኔን አንዴ ሳጥኑን ያያል። ያኔ ከበረንዳው የግርማ ድምፅ መጣ። ፊቱ እንደዞረ ነው።

«ተወው ልጄ» አለው። «ጥቁር ይሁን። ጥቁር መሆኑ ምንም አያደርገውም።»

ሰውዬው ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። እኔም ጥርሱን ትተህ ሽቦው የታሰረበትን ቡሎን እይ አልኩት። እውነትም አንድ ሰነፍ የአሉሚኒየም ሽቦ ከመዳቡ ጋር አስሮበት ኖሯል፤ አሉሚኒየም ደግሞ በሙቀትና በብርድ ብዛት እየላላ መሄድ ልማዱ ነው። በመዳብ ቀይሮ ሲያጠብቀው ፓምፑ ተነሳ። ሰውዬው መርቆን ወጣ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ወደ በረንዳው ሄድኩና ከግርማ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ከታንከሩ እየተሳበ ሲወጣ ይሰማል። የተጠማመሙትን ጣቶቼን አየ፣ አንስቶም ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

«አስካለ» አለኝ፣ «ያን ቀን በሩን ያልከፈትሽው አንቺ አይደለሽም።»

አለቀስኩ። እሱም በአንድ ዓይኑ አለቀሰ። ከዚያ ፀሐዩ ስለዞረ ወንበሩን ወደ ሙቀቱ ገፋሁለት።